ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚወስደው መንገድ

መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚተመውን ሕዝብ የማያውቅ ክርስቲያን ቤተሰብ በሀገራችን የለም። ስለቷ የሰመረላት እናት ጃንጥላ ይዛ፣ በቤቱ ሕመምተኛ ያለው ጸበልና እምነት ሊያመጣ ሲጓዝ ኖሯል። የአረፋን በዓል ምክንያት በማድረግ ዛሬ አንባቢዎቻችንን የምንወስደው፣ ሙስሊም ወገኖቻችን በተመሳሳይ ናፍቆት ወደሚሄዱበት ወደ ባሌው ድሬ ሼህ ሁሴን ነው።

ስፍራው አናጂና በመባልም ይታወቃል። በትውፊት እንደሚነገረው ሼህ ኑር ሁሴን በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በባሌና በአካባቢው እስልምናን ያስተማሩ ታላቅ ወሊ ናቸው። መቃብራቸው ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከሐረርጌና ከሌሎችም አካባቢዎች ምእመናንን ይስባል። ከአርሲ በኩል የሚመጣው መንገደኛ የዋቢ ሸበሌን ጥልቅ ሸለቆ መሻገር አለበት። ዛሬ ብዙዎች በመኪና ቢመጡም፣ ቀደምቶቹ ቀናትንና ሳምንታትን በእግራቸው ይጓዙ ነበር።

የዝያራው ትርጉም የሚጀምረው ገና ከመንገዱ ነው። ተሳላሚው «ኡሌ ሼህ ሁሴን» የሚባለውን፣ ጫፉ ባላ የሆነ ቀጭን ዘንግ ይይዛል። ዘንጉ የደከመን ሰው የሚደግፍ ምርኩዝ አይደለም፤ የያዘው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ግን ያለ ቃል ይናገራል። «ገሪባ» የሚባሉት ድሆች ተጓዦች የሼሁን ስም እየጠሩ ከደጅ ሲቆሙ፣ ባለቤቶቹ ካላቸው ያካፍሏቸዋል፤ ማደሪያም ይሰጧቸዋል። ለመሸበት መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነው» ብለው በራቸውን ለሚከፍቱ እናቶቻችን ይህ ባዕድ ልማድ አይደለም።

ከስፍራው ሲደርሱ ጫማ ይወልቃል። በነጭ ኖራ የተቀባውን የመቃብሩን ጉልላት ከ1783 እስከ 1794 እ.ኤ.አ. ሐረርን የገዙት አሚር አብዱልሽኩር እንዳሠሩት ይነገራል። ተሳላሚዎቹ «ጀዋራ» የተባለውን ነጭ አፈር ግንባራቸውን ይቀባሉ፤ ይቀምሱታልም። ሲመሽም በኦሮምኛ «ባህሮ» የተሰኘው ውዳሴ ይዜማል፤ የሼሁ ተአምራት ይተረካሉ። እነዚሁ ተአምራት በዐረብኛ ተጽፈው በ1927 እ.ኤ.አ. በካይሮ ታትመዋል። ልጅ የተመኘች፣ ዝናብ የጠፋበት፣ ደዌ የጸናበት ሁሉ በዚያ ይለምናል። ስለቱ የደረሰለትም ከብት እየነዳ በሌላ ዓመት ይመለሳል።

ይሁንና መመሳሰሉን እንጂ አንድነቱን አልተናገርንም። በእስልምና አምልኮ ለአላህ ብቻ ነው፤ ተሳላሚዎቹም ሼሁን የሚያዩት ፈጣሪያቸውን እንደሚወድ ባለ በረካ እንጂ እንደ አምላክ አይደለም። ወደ ድሬ የሚደረገው ጉዞም፣ መካ ለመድረስ አቅም ያላገኘውን ድሃ ቢያጽናና እንኳ፣ ሐጅን አይተካም።

በዚህ ላይ በሙስሊሞች መካከል ያለው ክርክርም የዋዛ አይደለም። በባሌ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ይልቁንም ከ1983 ዓ.ም. በኋላ፣ ልመና ያለ አማላጅ ወደ አላህ ብቻ መቅረብ አለበት የሚሉ መምህራን ድምፃቸው በርትቷል። እነርሱ የሚሟገቱት ለእምነታቸው ንጽሕና ነው፤ ዘንጉን ያልጣሉት ሽማግሌዎችም ከአባቶቻቸው የተቀበሉትን ፍቅር ይጠብቃሉ። አባት ወደ ድሬ ሲነሣ ልጅ ከቤት የሚቀርበት ጊዜ አለ። ፍርዱ የእኛ አይደለም፤ ነገር ግን አባትና ልጅ በአንድ ማዕድ መቀመጣቸውን እንዳይተዉ እንመኛለን።

ድሬ ሼህ ሁሴን በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ጉልላቱን ኖራ ቀብቶ፣ ቅጥሩን ጠግኖ ማቆየት ይቻላል። የማያውቁትን መንገደኛ ዘንጉን አይቶ «ግባ» የሚለው ደጅ ግን በመዝገብ አይጠበቅም፤ እርሱን የሚያቆየው ከልጅ ልጅ የሚሸጋገር ደግነት ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ በዓል ጎረቤታችን ከዝያራ ሲመለስ፣ እኛም ከቁልቢ ስንመለስ እንደምንባለው ሁሉ፣ «እንኳን በደኅና ገባህ» ማለትን አንዘንጋ።

ለእስልምና እምነት ተከታዮች በሙሉ መልካም የአረፋ በዓል ይሁንላችሁ።