በአዲስ አበባ ቤት ለሚገዛ ሰው ስለ ሰፈር አመራረጥ

ቤት ገዢ አስቀድሞ የሚመረምረው ግድግዳውንና ጣራውን ነው። እኛ ግን ምርመራው ከሰፈሩ መጀመር አለበት እንላለን። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሀብት ከሆነ ወዲህ፣ ገዢው የሚያገኘው ቤቱንና በቦታው የመጠቀምን መብት እንጂ መሬቱን አይደለም። ስለዚህ ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ለምን ሥራ እንደ ታሰበ ከክፍለ ከተማው ሳይጠይቁ ቀብድ መክፈል ድፍረት ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ዕድርተኛ ከዕድርተኛው ተለያይቷል። እርግጥ ነው፣ የ2011 ዓ.ም. የካሣ አዋጅ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሣ ፈቅዷል፤ ገንዘቡ ግን ድንኳን አይተክልም፣ ለቅሶም አይደርስም።

ሌላው የውኃ ነገር ነው። ቤቱን በጥር ብቻ አይቶ መዋዋል ያታልላል፤ ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ቀበና ጠባዩ የሚታወቀው በነሐሴ ነውና። የቧንቧው ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ በክረምትም ጎርፉ እስከ ማን አጥር እንደሚደርስ የሚጠየቀው ደላላው ሳይሆን የሰፈሩ የዕድር ዳኛ ነው። በዚያው አጋጣሚ የዕድሩን መግቢያ ክፍያ መጠየቅም አይከፋም።