የዓለም ካርታ መልካ ጀብዱ ሲደርስ

ለነጋዴ መንገድ የሥራው ግማሽ ነው። ዕቃው ከጅቡቲ ወደብ በደኅና ተነሥቶ ድሬዳዋ ቢደርስም፥ ከጣቢያ ወደ መጋዘን የሚያደርሰው ሾፌር መንገዱን ከሳተ ኪሳራው የነጋዴው ነው። ዛሬ ብዙ ሾፌሮች መንገድ የሚጠይቁት አላፊ አግዳሚውን ሳይሆን በእጃቸው የያዙትን ስልክ ሆኗል። ስለዚህ በስልክ ውስጥ ያለው ካርታ ስለ መልካ ጀብዱ ምን እንደሚናገር ማወቅ ለንግድ ሰው የሚበጅ ጉዳይ ነው።

ከእነዚህ ካርታዎች አንዱ «ኦፕን ስትሪት ማፕ» ይባላል። በ1996 ዓ.ም. ስቲቭ ኮስት የተባለ ሰው በእንግሊዝ አገር የጀመረው ሲሆን፥ የሚሠሩት በየአገሩ የሚገኙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ማንም ያለ ዋጋ ይጠቀምበታል፤ ማንም ሊያርመው ይችላል። በካርታው ላይ ለሚሰፍረው መንገድ፥ ወንዝ ወይም ሱቅ ሁሉ መለያ ቃላት ይሰጡታል። መንገድ የሚመሩት መሣሪያዎች የሚያነቡትም ሥዕሉን ሳይሆን እነዚህን ቃላት ነው።

ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። የመንገዱ ደረጃዎች የተሰየሙት በእንግሊዝ አገር ልማድ ነው። በዚያ አገር ያልተነጠፈ መንገድ በአብዛኛው ወደ እርሻ ወይም ወደ ደን የሚያስገባ ስለሆነ «ትራክ» ይባላል። በሩቅ አገር ተቀምጦ ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ እያየ የሚሥል ሰው የእኛን የአፈር መንገድ ሲያገኝ ያንኑ ስም ሊሰጠው ይችላል። ያን ጊዜ ብዙዎቹ መሣሪያዎች መኪናውን ከዚያ መንገድ ያርቁታል፤ መንደሩም መግቢያ የሌለው መስሎ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ለአፍሪካ የተሻለ ደንብ ተበጅቷል፤ የመንገዱ ደረጃ በሚሰጠው አገልግሎት ይወሰናል፥ አስፋልት ወይም አፈር መሆኑ ግን በሌላ መለያ ለብቻው ይጻፋል።

የወንዙም ነገር እንደዚሁ ነው። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ ለካርታ ሠሪ ትምህርት ይሰጣል። የድሬዳዋ አካባቢ ወንዞች በበጋ አሸዋ ብቻ ናቸው፤ በደጋው ዝናብ ሲጥል ግን በድንገት ይሞላሉ። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን እንደገደለ የሚረሳ የለም። እንዲህ ያለውን ወንዝ ውሃው ዘወትር እንደሚፈስ አድርጎ መሣል ስሕተት ነው፤ ጨርሶ መተው ደግሞ አደጋ ነው። ትክክለኛው አሠራር ወንዝ ብሎ ጽፎ አልፎ አልፎ የሚፈስ መሆኑን መጨመር፥ መኪና የሚሻገርበትንም ስፍራ «ፎርድ» በሚለው መለያ ማመልከት ነው።

ሦስተኛው የባቡር ጣቢያው ነው። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው የቀድሞው ሐዲድ ጣቢያው በከተማው መኻል ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ግን ከከተማው ወጥቶ በመልካ ጀብዱ በኩል ይገኛል። ሁለቱም የድሬዳዋ ጣቢያ ስለሚባሉ ካርታው በግልጽ ካልለያቸው ጭነት ሊወስድ የመጣ መኪና ወደ ሌላኛው ሊሄድ ይችላል። የስፍራ ስምም በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በሶማሊኛ እያንዳንዱ በየራሱ መለያ ሊጻፍ ይቻላልና፥ ሾፌሩ በሚያውቀው ቋንቋ ፈልጎ ያገኘዋል።

ይሁን እንጂ ለአገር ሁኔታ ማስማማት ማለት እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቃል ይፍጠር ማለት አይደለም። ለደረቅ ወንዝ ቀድሞ «ዋዲ» የሚል መለያ ነበረ፤ አንዱ ሸለቆውን፥ ሌላው የውሃውን መውረጃ እያለ ስለተጠቀመበት ትርጉሙ ተምታቶ ተተወ። ማንም የማያውቀው ቃል ማንም እንደማይቀበለው ሚዛን ነው። የሚሻለው ዓለም የሚያውቀውን መለያ ይዞ፥ የአገሩን ጠባይ በተጨማሪ መለያ መግለጽ ነው።

ይህን ሥራ ሩቅ ያለ ሰው ሊፈጽመው አይችልም። ፎቶግራፍ ጣሪያን ያሳያል እንጂ የትኛው በር ሱቅ፥ የትኛው መጋዘን እንደሆነ አያሳይም። የቤት ቁጥር ጠይቆ ሳይሆን መስጊዱን ወይም ወፍጮ ቤቱን ጠይቆ በሚደረስበት ሰፈር የሱቁን በር፥ የመሻገሪያውን ስፍራና የክረምቱን መንገድ የሚያውቀው ነጋዴው ነው። የሚጽፍ ወጣት በየቤቱ አይጠፋም፤ ነጋዴው የሚያውቀውን ቢነግረው ለሁሉም የሚጠቅም ካርታ ይገኛል።