ወፎች ከመስኮታችን ጋር እንዳይጋጩ

ወፍ መስታወት አይታያትም። የሚታያት መስታወቱ ላይ ያረፈው ሰማይና የግቢው ዛፍ ነው፤ ቤቱ በሁለት በኩል መስኮት ካለው ደግሞ በአንዱ ገብታ በሌላው የምትወጣ ይመስላታል። እኛ መስታወት መኖሩን የምናውቀው በፍሬሙና በመጋረጃው ነው። እሷ ግን ይህን የሚነግራት ስለሌለ በሙሉ ፍጥነቷ ትመጣለች። ተጋጭታ ተነሥታ የበረረችውም ሁሉ ተረፈች ማለት አይደለም፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ፣ ከዓይናችን ርቃ የምትሞተው ብዙ ናት።

ጥፋቱን የፎቅ ብቻ አድርገን ማየት ይቀናናል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት በአሜሪካ በየዓመቱ ከ365 እስከ 988 ሚሊዮን ወፎች ከሕንፃ ጋር ተጋጭተው እንደሚሞቱ ገምቷል። ከዚህ ውስጥ ሰማይ ጠቀሶቹ የገደሉት 1 በመቶ አይሞላም፤ 44 በመቶ ያህሉ የሞተው ከአንድ እስከ ሦስት ፎቅ ባላቸው መኖሪያ ቤቶች ነው። አንድ ቤት በዓመት ጥቂት ወፍ ብቻ ቢገድልም ቤቶቹ እልፍ ናቸው። ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው በስምጥ ሸለቆ በኩል የሚመጡ ወፎች አገራችን ያርፋሉ፤ በአዲስ አበባ ደግሞ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ መስኮት በየቤቱ እየተለመደ ነው።

ብዙ ሰው መፍትሔ ብሎ የሚሞክረው አንድ የጭልፊት ምስል መስኮቱ መሀል መለጠፍ ነው። አይሠራም። የማይንቀሳቀስ ጭልፊት ወፍ አያስፈራም፤ ብታየው እንኳ እሱን አልፋ ጎኑ ካለው ባዶ መስታወት ጋር ትላተማለች። ቁም ነገሩ የምልክቱ ቅርጽ ሳይሆን በምልክቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ትናንሽ ወፎች በጠባብ ቅርንጫፍ መካከል ሾልከው ማለፍ ስለለመዱ፣ ነጥብም ሆነ መስመር ከ5 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት መስታወቱን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። የሚደረገውም በውጭ በኩል ነው። ከውስጥ የተለጠፈውን ነጸብራቁ ይውጠዋል።

ወጪው አያስፈራም። በደረቅ ሳሙና ከውጭ መስመር ማስመር ይቻላል፤ ዝናብ ሲያጥበው መድገም ነው። የትንኝ መረብ ከመስታወቱ ፊት በውጭ መወጠር ነጸብራቁንም ይቀንሳል፣ ወፏ ብትመታውም ይለዝብላታል። ሲባጎ በቅርብ ርቀት ከላይ ወደ ታች ማንጠልጠልም ይረዳል። በቺካጎ የማኮርሚክ ፕሌስ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በአንድ ሌሊት ወደ 1,000 የሚጠጉ ወፎች ሞተውበት ነበር። በማግስቱ ዓመት መስታወቱ ላይ በቅርብ ርቀት የተደረደሩ ትናንሽ ነጥቦች ተለጠፉበት፤ ሞቱም ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ።

ለወፍ እህል ወይም ውሃ የምታስቀምጡ ከሆነ ከመስኮቱ ከአንድ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ይሁን፤ ከዚያ የምትነሣ ወፍ የሚገድላት ፍጥነት ላይ አትደርስም። በመራቢያ ወቅት መስታወቱን ደጋግሞ በመንቁሩ የሚመታ ወፍ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የራሱን ምስል ባላንጣ መስሎት እየተደባደበ ነውና ያንን መስኮት ለጥቂት ሳምንታት ከውጭ ሸፍኑለት።

ተጋጭታ የወደቀች ካገኛችሁ አየር በሚያስገባ ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፋችሁ አስተኟትና ጨለማና ጸጥታ ያለበት ቦታ አኑሯት። ውሃ በአፏ አትጨምሩ፤ እየከፈታችሁም አትዩአት። ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ካርቶኑን ደጅ አውጥታችሁ ክፈቱት። እጃችሁንም ታጠቡ።

ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ ደግሞ ነገሩን ከመነሻው ማሰብ ትችላላችሁ። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አዳዲስ ሕንፃዎች በታችኛው ከፍታቸው ወፍ ሊያየው የሚችል መስታወት እንዲያደርጉ በሕግ አስገድዳለች። እኛ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም፤ መስታወቱ ከመታዘዙ በፊት ጥለት ያለበት እንዲሆን ለባለሙያው መንገር ይበቃል።