አንድ ስዊች፣ ብዙ ኔትወርኮች፦ ቪላኖችን ስለማገናኘትና ስለመጠበቅ



ከቦሌ እስከ ገርጂ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ የሚሠራ አንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት እናስብ። የሒሳብ ክፍሉ በቪላን 10፣ ሌሎች ሠራተኞች በቪላን 20፣ የእንግዶች ዋይፋይ በቪላን 30 ተመድበዋል። ስዊቹ አንድ ነው፤ ኔትወርኮቹ ግን ሦስት ናቸው። አንድን መሠረተ ልማት ለብዙ አገልግሎት ማዋል ለአገራችን እንግዳ አሠራር አይደለም፤ ከፌዴራል እስከ ወረዳ ያሉ መሥሪያ ቤቶችን የሚያገናኘው ወረዳኔትም የቪዲዮ ስብሰባን፣ የድምፅና የኢንተርኔት አገልግሎትን በጋራ እንዲሸከም ታስቦ የተዘረጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው 802.1ኪው የተሰኘው ደረጃ፣ ስዊቾች እርስ በርስ በሚገናኙበት መስመር ላይ ለሚያልፍ ፍሬም ባለ 4 ባይት መለያ ይሰጠዋል። ከዚህ ውስጥ 12ቱ ቢት የቪላኑን ቁጥር ይይዛሉ። በ12 ቢት 4,096 ቁጥሮች ይገኛሉ፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው የተከለሉ በመሆናቸው 4,094 ለሥራ ይቀራሉ። ስዊቹ የአንዱን ቪላን ፍሬም ለሌላው አሳልፎ አይሰጥም።

ይሁንና ሠራተኞች በሒሳብ ክፍሉ ሰርቨር ላይ ያለውን የደመወዝ መግለጫ ማየት ሲያስፈልጋቸው መሻገሪያ ሊኖር ይገባል። ለዚህ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ስዊቹን በአንድ ገመድ ከራውተር ጋር ማያያዝ ነው፤ መረጃው በዚያው ገመድ ሄዶ በዚያው ስለሚመለስ መስመሩ በቀላሉ ይጨናነቃል። ሁለተኛው ራሱ ራውት ማድረግ የሚችል፣ ሌየር 3 የሚባለውን ስዊች መጠቀም ነው። ለእያንዳንዱ ቪላን በስዊቹ ላይ አንድ የአይፒ አድራሻ ይሰየማል፤ ኮምፒውተሮቹም ያንን አድራሻ ጌትዌያቸው ያደርጉታል።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ስዊቹ ራውት እንዲያደርግ በታዘዘበት ቅጽበት፣ አድራሻ የተሰጣቸው ቪላኖች ሁሉ እርስ በርስ ይተያያሉ። ሠራተኛውን ከሒሳብ ክፍሉ ያገናኘው ትእዛዝ እንግዳውንም አገናኝቶታል። ስዊቹ መንገድ ያውቃል እንጂ ባለቤትና እንግዳ አይለይም። ስለዚህ ማን ወዴት እንደሚያልፍ የሚወስነው አክሰስ ሊስት ከራውቲንጉ ቀድሞ መጻፍ አለበት። ዝርዝሩ ከላይ ወደ ታች ስለሚነበብና መጀመሪያ የተስማማው መስመር ስለሚጸና ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከዚህም በላይ የተለመደው አክሰስ ሊስት ንግግሩን ማን እንደጀመረ አያስታውስም፤ ይህን ማስታወስ የፋየርዎል ሥራ ነው። ስለሆነም ጥብቅ ምስጢር ያለው ክፍል ጌትዌዩን በፋየርዎል ላይ ቢያደርግ ይመረጣል።

ሥራው ሲጠናቀቅም ሁለት ፈተናዎች ይደረጉ። ሠራተኛው ከተፈቀደለት ሰርቨር መድረሱ ይረጋገጥ፤ እንግዳው መድረስ አለመቻሉም እንዲሁ ይረጋገጥ። ሁለተኛው ፈተና ሳይደረግ ኔትወርኩ ተገናኝቷል ማለት ይቻል ይሆናል፤ ተጠብቋል ማለት ግን አይቻልም።