የጉድጓድ ውኃ ከቤት እስኪደርስ

በናይሮቢ የሚቆፈሩ የውኃ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ከ100 ሜትር በላይ ይጠልቃሉ። ታዲያ ውኃውን ከላይ ሆኖ በሚስብ ፓምፕ ማውጣት ለምን አይቻልም? ሳቢ ፓምፕ የሚሠራው በአየር ግፊት እርዳታ ነው። ይህ ግፊት ውኃን በባሕር ጠለል 10 ሜትር ያህል፣ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ናይሮቢ ግን ከ8 ሜትር ተኩል በላይ አያነሳም። ስለዚህ ፓምፑን ከውኃው ውስጥ እናሰጥመዋለን፤ ከሥር ሆኖ ይገፋል።

ኤሌክትሪኩን ባለሙያ ለብቻው በተዘጋጀ መቆጣጠሪያ ያገናኛል፤ መቆጣጠሪያው ጉድጓዱ ሲጎድል ፓምፑን ያጠፋዋል። ውኃው ከጣራ በላይ ወዳለ ታንከር ይገባና በራሱ ክብደት ወደ ቤቱ ቧንቧዎች ይወርዳል።

የናይሮቢ ጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ሊበዛበት ይችላልና ከመጠጣታችን በፊት እናስመርምረው። በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ካለፈ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ ማፍላትም አያስወግደውም።