ዕቃን በገዢው አፍ ስለ መጥራት

ንግድ የሚጀምረው ዕቃ ያለውን ሰውና ዕቃ የሚያስፈልገውን ሰው ከማገናኘት ነው። ዕቃው የቱንም ያህል መልካም፣ ዋጋውም የቱንም ያህል የሚስማማ ቢሆን፣ ፈላጊው ካላገኘው በመጋዘን እንደ ተቆለለ ይቀራል። ስለዚህ ገዢው ፍለጋውን በምን ቃል እንደሚጀምር ማወቅ ለአስመጪውም፣ ለላኪውም፣ ለባለ ሱቁም የዕቃውን ዓይነት የማወቅ ያህል ያስፈልገዋል።

ቀድሞ ይህ ፍለጋ የሚፈጸመው ፊት ለፊት በመጠያየቅ ነበር። በአዲስ አበባ መርካቶ፣ እህል በረንዳ የደረሰ ገዢ «ማኛ ጤፍ አለ ወይ? የመጣውስ ከየት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ደላላውም ቃሉን ሰምቶ ወደ ባለ ዕቃው ይመራዋል። ይህ ልማድ ዛሬም አልጠፋም። ሆኖም ከጎኑ ሌላ መሪ ተነሥቷል። ገዢው በእጅ ስልኩ ሁለት ወይም ሦስት ቃላት ጽፎ በጉግል ወይም በቴሌግራም ይፈልጋል፤ የሚቀርብለትም እነዚያን ቃላት በማስታወቂያው ውስጥ የጻፈ ነጋዴ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአምቦ፣ እንዲሁም በጊንጪ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ ለሚሠራ ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአገሩ ምርት በሩቅ ሰው ማስታወቂያ ተጽፎ ከተገኘ፣ ደንበኛውም ትርፉም የሚሄደው ወደዚያው ወደ ጻፈው ሰው ነውና።

መፈለጊያው እንዴት ይሠራል?

የመፈለጊያው አሠራር መዝገብ ለሚይዝ ሰው እንግዳ አይደለም። በትልቅ መጽሐፍ መጨረሻ ቃላት በተራ ተጽፈው በስንተኛው ገጽ እንደሚገኙ የሚያመለክት ዝርዝር ይኖራል። መፈለጊያውም እንደዚሁ በኢንተርኔት ላይ ለሁሉ ክፍት የሆኑትን ጽሑፎች አስቀድሞ እያነበበ፣ የትኛው ቃል የት እንዳለ ይመዘግባል። ጥያቄ ሲቀርብለት ይህን መዝገብ ይመለከታል እንጂ በዚያች ቅጽበት ዓለሙን ሁሉ አይዞርም። በ1998 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ጉግል ደግሞ ሌሎች ገጾች እያመለከቱ የሚጠቅሱትን ገጽ በይበልጥ የማክበርን ዘዴ ጨመረ፤ ይህም ብዙዎች የመሰከሩለት ነጋዴ በገበያ እንደሚታመን ያለ ነው። በዛሬው ጊዜ መፈለጊያዎች የቃላትን ዝምድና ለመረዳት ቢሞክሩም፣ ባለቤቱ ጨርሶ ያልጻፈውን ነገር ሊያገኙለት አይችሉም።

መለያ ቃል፣ በተለምዶ ሃሽታግ የሚባለው፣ ከዚሁ የተወለደ ነው። በነሐሴ 2007 እ.ኤ.አ. ክሪስ መሲና የተባለ አሜሪካዊ፣ ዛሬ ኤክስ በተባለው በትዊተር ላይ # የተባለው ምልክት በቃል ፊት እንዲደረግና አንድ ጉዳይ የሚናገሩ ጽሑፎች በዚያ እንዲሰበሰቡ አሳብ አቀረበ። ልማዱም ወደ ፌስቡክ፣ ወደ ቴሌግራምና ወደ ቲክቶክ ተዛመተ። መለያ ቃል በመደብር መደርደሪያ ላይ እንደሚለጠፍ ወረቀት ነው፤ የሚጠቅመውም ወረቀቱ በውስጡ ያለውን ዕቃ በትክክል ሲናገር ነው።

የገዢው ቃልና የሻጩ ቃል

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የሸቀጥን ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ገዢው ነው። በአስመጪው ኢንቮይስ ላይ ረጅም የፋብሪካ ስም የተጻፈለት ብረት በግንበኛው ዘንድ «ባለ 12 ፌሮ» ነው። በኢንቮይሱ «ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ» የተባለውም በአምቦ መንገድ ላይ «ባጃጅ» ነው። አስመጪው የፋብሪካውን ስም ብቻ ጽፎ ቢያስታውቅ፣ ቃሉ ትክክል ቢሆንም ገዢው በዚያ ቃል ስለማይጠይቅ አይገናኙም።

በጣም ሰፊ የሆነ ቃልም እንደዚሁ ሳይጠቅም ይቀራል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው የከተማይቱ የራሷ ስም ነው። በመላው ኢትዮጵያ «አምቦ» ሲባል ለብዙው ሰው በመጀመሪያ የሚታሰበው የማዕድን ውኃው ነው። አንድ ባለ ሱቅ «አምቦ» የሚለውን ብቻ መለያ ቃል ቢያደርግ፣ ማስታወቂያው በጠርሙሱ ውኃ፣ በዩኒቨርሲቲውና በከተማይቱ ወሬ መካከል ሰጥሞ ይቀራል። «የቆርቆሮ መሸጫ አምቦ ከተማ» ብሎ ዕቃውንና ቦታውን አጣምሮ ቢጽፍ ግን የሚመጡለት ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም ቆርቆሮ ፈላጊዎች ናቸው። ነጋዴ የሚፈልገው ተመልካች ሳይሆን ገዢ ነውና ይህ ይበልጥበታል።

በግብርና ምርት ደግሞ የዝርያው ስም ከሁሉ ይልቅ ገዢን ይጠራል። ጀልዱ በድንች ዘር የታወቀ አገር ነው። ሆኖም የዘር ፈላጊው ጥያቄ «ድንች አለ ወይ?» ሳይሆን «ጉደኔ አለ ወይ? በለጠ አለ ወይ?» የሚል ነው፤ እነዚህም ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎች ናቸው። በቆሎም በባኮ ምርምር ማዕከል በወጡት «ቢ.ኤች. 660» እና «ቢ.ኤች. 540» በተባሉት ዲቃላ ዝርያዎች ስም ይጠየቃል። እንግዲህ ዝርያውን ሳይጽፍ «ምርጥ ዘር» ብሎ ያስታወቀ ነጋዴ የምስጋና ቃል ጻፈ እንጂ የዕቃውን ስም አልጻፈም።

ላኪውም የባሕር ማዶውን ገዢ ቃል ማወቅ ይገባዋል። በሰሜን አሜሪካ ኑግ የሚሸጠው ለወፎች መኖ ሲሆን የሚጠራውም «ናይጀር ሲድ» ተብሎ ነው። ደግሞም ወደ አሜሪካ የሚገባው ኑግ የአረም ዘር እንዳይዛመትበት በሙቀት የታከመ መሆን አለበትና፣ ይህንን የሚያመለክተውም ቃል ከስሙ ጋር ሊጻፍ ይገባል። «ኑግ» የሚለውን ብቻ በላቲን ፊደል የጻፈ ላኪ ለዚያ ገዢ እንዳልጻፈ ይቆጠራል። ጥቁር አዝሙድ በውጭ ገበያ «ናይጄላ» ይባላልና፣ ሁለቱ ስሞች በድምፅ ስለሚቀራረቡ አንዱ በሌላው እንዳይተካ መጠንቀቅ ያሻል።

ስለ ፊደልና ስለ ቋንቋ

የአማርኛ አንባቢ «ሰሊጥ» እና «ሠሊጥ»፣ «እቃ» እና «ዕቃ» ተብሎ ቢጻፍለት ያለ ችግር ያነባል። መሣሪያው ግን እያንዳንዱን ፊደል የሚያውቀው በተሰጠው ቁጥር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ተሰጥተዋቸዋል። አንዳንድ መፈለጊያዎች ልዩነቱን ሊያስታርቁ ቢችሉም በሁሉም ዘንድ እንደዚያ ይሆናል ብሎ መተማመን አይገባም። ስለዚህ በመለያ ቃል ብዙ ሰው የሚጽፍበትን አጻጻፍ መምረጥ፣ በማስታወቂያው ውስጥ ደግሞ ሁለተኛውን አጻጻፍ አንድ ጊዜ ማስገባት መልካም ነው። «ጊንጪ» እና «ግንጪ» ለሚባለውም የቦታ ስም ይኸው ይሠራል።

በምዕራብ ሸዋ ይልቁንም የአፋን ኦሮሞ ቃል ሊረሳ አይገባም። ገበሬው ዕቃውን የሚጠራው ጤፍን «ጣፊ»፣ ድንችን «ዲኒቻ»፣ ማርን «ዳማ» እያለ ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ አፋን ኦሮሞ በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት የሚጻፈው በቁቤ ስለ ሆነ፣ ወጣቱ ገዢ በስልኩ የሚጽፈውም በዚሁ ነው። በቁቤ የጠ ድምፅ የሚጻፈው «ኤክስ» በተባለው የላቲን ፊደል ነውና፣ «ጣፊ» የሚለው ቃል በቁቤ በ«ኤክስ»፣ ጤፍ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ በ«ቲ» ይጀምራል። አንዱን የጻፈ ሰው ሌላውን አያገኝም። ስለዚህ ዕቃውን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና ለውጭ ገበያ ሲሆን በእንግሊዝኛ መጻፍ ሦስት በር እንደ መክፈት ነው።

የማስታወቂያው አጻጻፍ

አንድ ማስታወቂያ የዕቃውን ስም፣ ዝርያውን ወይም ልኩን፣ መጠኑን፣ ቦታውን፣ ዋጋውንና ጊዜውን ቢይዝ በቂ ነው። ለምሳሌ ያህል፦

«የጀልዱ የድንች ዘር። ዝርያ፦ ጉደኔ። መጠን፦ 40 ኩንታል። ርክክብ፦ ጎጆ ከተማ። እስከ ግንቦት 20 ቀን ድረስ። #የድንች_ዘር #ጉደኔ #ጀልዱ»

ከዚህ ሌላ ዋጋውና የስልክ ቁጥሩ ይጨመራል። በመለያ ቃል ውስጥ ባዶ ቦታ ከገባ መሣሪያው ቃሉ እዚያው እንዳለቀ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ሁለት ቃላት በታች ሰረዝ ይያያዛሉ። ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ መለያ ቃላት ይበቃሉ፤ ዛሬ የተመረጠውም ቃል ነገ ሳይለወጥ ቢሠራበት ደንበኛው የቀድሞውንና የአሁኑን ማስታወቂያ በአንድ ቦታ ያገኛል። ዕቃው በፎቶግራፍ ብቻ ቢለጠፍ በፎቶግራፉ ላይ የተጻፈውን ዋጋና ስም ሁሉም መፈለጊያ አያነበውም፤ ስለዚህ በጽሑፍም ሊደገም ይገባል። የሱቁን ስም፣ ስልክና የሥራ ሰዓት በጉግል ካርታ ላይ ማስመዝገብም ያለ ክፍያ የሚፈጸም ነው። ስሙ ግን በበሩ ላይ እንደ ተጻፈው መሆን አለበት እንጂ የዕቃ ዝርዝር እንዲጨመርበት ደንቡ አይፈቅድም።

ሐሰተኛ መለያ ስለሚያመጣው ጉዳት

አንዳንድ ሰው ብዙ ተመልካች ለማግኘት ሲል ከዕቃው ጋር የማይገናኝ ቃል ይደረድራል። ይህ ጥቅም የለውም። ጉግል በመስከረም 2009 እ.ኤ.አ. በገጽ ውስጥ ተሰውሮ የሚጻፈውን የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት ገልጧል፤ ቃላትን ያለ አግባብ መደጋገምንም ይቃወማል። ከዚህም የሚከፋው በገዢው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ተራ ድንች «ጉደኔ» ተብሎ ቢሸጥ የገበሬው ኪሳራ የዘሩ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ መሬቱ፣ ማዳበሪያውና የአንድ ወቅት ድካሙ አብረው ይጠፋሉ። ያ ገበሬም ለጎረቤቶቹ የሚናገረውን ቃል የትኛውም መለያ አይመልሰውም።

ሕጉም ዝም አይልም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ደግሞ የተመዘገበን ምልክት ከሌላ ሰው መጠቀም ይጠብቃል። ስለዚህ «ለባጃጅ የሚሆን መለዋወጫ» ማለትና መለዋወጫው ከዚያው ፋብሪካ የመጣ አስመስሎ መጻፍ አንድ አይደሉም። ስም ምን ያህል ሀብት እንደ ሆነ ቡናችን አሳይቷል። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ፣ ከክርክር በኋላ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ለመስማማት ችላለች። የቦታ ስም ዋጋ የሚኖረው ከስሙ በታች ያለው ዕቃ እውነተኛ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ውጤቱን ስለ መመዝገብ

የተመረጠው ቃል መሥራቱ በግምት አይታወቅም። አዲስ ደንበኛ በስልክ ወይም በአካል ሲመጣ «በምን ቃል ፈልገው አገኙን?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ከሽያጩ መዝገብ አጠገብ በአንድ ዓምድ መጻፍ ይገባል። ከሦስት ወር በኋላ ይህ ዓምድ ሲታይ ገዢ ያመጣው ቃል ተመልካች ብቻ ካመጣው ተለይቶ ይታወቃል፤ ገዢዎች የተናገሩት ነገር ግን በማስታወቂያው ያልነበረ ቃልም ይገኝበታል። ያንን ቃል በሚቀጥለው ማስታወቂያ ማስገባት ወጪ የለውም።

የመሣሪያዎቹ ስም በየጊዜው ቢለዋወጥም ሥራው ያው የቀድሞው ነው፤ ገዢው የሚጠራውን ቃል ሰምቶ፣ ያንኑ ቃል በእውነት መመለስ።