ከቆቃ መልስ ትኩሳት ቢይዛችሁ

መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ከአዲስ አበባ ወጣ ማለት ያምረናል። በፍጥነት መንገዱ እስከ ሞጆ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ ቆቃ። ገሊላ ሐይቅም ይሉታል፤ የተፈጥሮ ሐይቅ ግን አይደለም። ከ60 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ አዋሽ ወንዝ ለኤሌክትሪክ ሲገደብ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ጀልባው፣ ጉማሬው፣ ትኩስ የዓሣ ጥብሱ... ሂዱ፣ ተዝናኑ፣ አልከለክልም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከተመለሳችሁ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቆቃ 1,600 አካባቢ። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ በአብዛኛው ለወባ ተጋላጭ ነው። ወባ ደግሞ በጣም የሚበዛው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ልክ እኛ ሽርሽር በምንወጣበት ወቅት ነው። ወባ በሌለበት ከተማ ያደገ ሰው ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም፤ ስለዚህ ቶሎ ሊጠናበት ይችላል።

ትንኟ ነክሳችሁ በማግስቱ አትታመሙም። ብዙ ጊዜ ከሰባት ቀን በኋላ፣ አንዳንዴም እስከ ወር ይቆያል። ያኔ ቆቃ ተረስቷል! ብርድ ብርድ ሲል፣ ራስ ሲፈልጥ «ታይፎይድ ይሆናል» ተብሎ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ይገዛል። (ታይፎይድና ታይፈስ የማይከሰሱበት ትኩሳት እኮ የለም።) ኃይለኛው የወባ ዓይነት ግን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ራስ እስከማሳት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም «ከሁለት ሳምንት በፊት ቆቃ አድሬ ነበር» በሉት። ምርመራው የጣት ደም ነው፣ ውጤቱም ቶሎ ይደርሳል። ነፃ ነህ ተብላችሁ ትኩሳቱ ካልለቀቀ ተመልሳችሁ ድጋሚ ተመርመሩ። ሌላው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ስለሚችል ጉዞው ቆይቷል ብላችሁ አትተዉት። ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች አንድ ቀንም አትጠብቁ።

ለማደር ካሰባችሁ ክፍሉን ከመያዛችሁ በፊት «አጎበር አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ዋይፋይ እንጠይቅ የለ? ፀሐይ ስትጠልቅ እጅጌ ረጅም ልብስና የትንኝ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል።

ወደ ውሃው ስንመጣ፣ በጀልባ መሄድ አንድ ነገር ነው፤ እግር ነክሮ ዳር ዳሩን መጫወት ግን ሌላ። ከግድቡ ወረድ ብሎ ያለው የወንጂ አካባቢ በቢልሃርዚያ የቆየ ታሪክ አለው። ጥገኛው ትል በውሃ ውስጥ ካለች ቀንድ አውጣ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳን ሰርስሮ ይገባል፤ ቁስል አያስፈልገውም። የነካችሁ ከሆነ በማግስቱ ሰገራ መመርመር ዋጋ የለውም፤ እንቁላሉ የሚታየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው። ከተገኘ መድኃኒት አለው።

ውሃው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ከመሰለ ደግሞ ልጆችንም ውሻችሁንም አታስጠጉ። ቆቃ ላይ ጉበት የሚጎዳ መርዝ የሚያመነጭ አረንጓዴ ዝቃጭ በጥናት ታይቷል። ይህን መርዝ ማፍላት አያጠፋውም፤ የምትጠጡትን ውሃ ከቤት ይዛችሁ ውጡ።